አባቴ ለካናዳ የተናገሩት

ወንድሜ ከካናዳ በጻፈው ደብዳቤ ልጆቹ በካሴት ቀድተን የላክነውን የአባታችንን ድምፅ ሲሰሙ በሳቅ ሊሞቱ እንደነበር ነገረን። «እንደ ጫጩት ነው የሚጮሁት፤ ምን እንዳሉ አንዲት ቃል አልተሰማንም። እባክሽ ጥሩ አድርገሽ ቅጂ» ይላል። የአባቴ ዓይን ስለደከመ ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። የሳቁ ነገር ላይ ስደርስ ዘልዬ ላልፈው ፈለግሁና ምላሴ ተያዘ። እሳቸውም ነቁብኝ፤ ያለውን ሁሉ እንዳነብ አዘዙኝ። አነበብኩት። «ልጆች ናቸው፤ ይሳቁ» አሉና ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ወጡ።

እኔ ግን በገንኩ። ያን ካሴት ለመቅዳት የባትሪ ድንጋይ ፍለጋ ከተማውን ዞሬያለሁ። የጎረቤት ውሻ እንዳይጮህ አጥንት ወርውሬለታለሁ፤ ከጎናችን ያለችው ሴት ሙቀጫዋን ለግማሽ ሰዓት እንድታሳርፍልኝ ለምኛለሁ። አባቴም ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ጠጉራቸውን አበጥረው ነበር የተቀመጡት። ለማሽን ሸሚዝ ይለበሳል ወይ ብላቸው «ልጄ ፊት ነው የምቀርበው» አሉኝ። የተሳቀው በዚህ ላይ ነው።

ጊዜው ጋምቤላ ገና ክልል የሆነችበት ነበር። የየቢሮው ታፔላ ቀለም አልደረቀም፤ እኔም ትምህርት ቢሮ ታይፒስት ሆኜ ትናንት በአንድ ስም የመታሁትን ደብዳቤ ዛሬ በሌላ ስም ደግሜ እመታ ነበር። አባቴ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። በወጣትነታቸው ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚያው ቀሩ። ከተማው ውስጥ እሳቸው መርፌ ያልወጉት ክንድ የለም ይባል ነበር። አኙዋኩም ኑዌሩም ደገኛውም መንገድ ላይ አስቁሞ ቁስሉን ያሳያቸዋል። እኔና ወንድሜ እዚሁ ባሮ ዳር ተወልደን ነው ያደግነው።

ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቱ ሲታፈስ፣ አንድ ቀን በጀልባ ቁልቁል ወርዶ ሱዳን ገባ። እኔንም አባቴንም ደህና ሁኑ አላለንም። ቀበሌው «ልጅህን የት አደረስከው» ብሎ አባቴን ሁለት ወር አሰራቸው። ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ከካርቱም ካናዳ ሲሻገር በጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ስለ በረዶ ነበር የነገረን። ስለ እስሩ እንዳልነግረው አባቴ ስለከለከሉኝ እሱም ሳያውቀው ቆየ።

ስልክ አልነበረም አልልም። ቴሌ ሄዶ ቀጠሮ መያዝ፣ ወረፋ መጠበቅ ነበር፤ መስመሩ ሲገኝም «ይሰማል? ይሰማል?» እየተባባልን ደቂቃው ያልቅብናል። አባቴ ደግሞ ቀስ ብለው፣ ነገሩን ከሥሩ አንስተው የሚያወሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ በካሴት እየቀዳን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው መስጠት ጀመርን፤ ሰውየው ከዚያ በፖስታ ይልክልናል።

የሳቁ ደብዳቤ በደረሰን ማግስት ቴፑን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ጠጋኙ ወሰድኩት። ይህ ሰው ገበያው ጫፍ ላይ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ራዲዮና ቴፕ የሚጠግን አኙዋክ ነው። ሙያውን የተማረው ኢታንግ ትልቅ የስደተኞች ካምፕ በነበረበት ጊዜ የስደተኞቹን ራዲዮ ሲጠግን ነው። አማርኛውን ከሰው ጋር እየዋለ ስላወቀው አለቃም ሆነ ሽማግሌ ለሁሉም «አንተ» ነው የሚለው። አባቴን እንኳ «አንተ፣ እግርህ እንዴት ነው?» ይላቸዋል። እሳቸውም ይህን ይወዱለት ነበር።

ቴፑን ፈታትቶ ሲያይ ቆየና ችግሩን አስረዳኝ። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ቀስ ይላል፤ ቀስ እያለ የተቀዳው ደግሞ እዚያ ሙሉ ኃይል ባለው ቴፕ ሲጫወት ይፈጥናል። አባቴ ቀስ ብለው የተናገሩት እዚያ ሩጫ የሆነው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የካሴቱን ክር እየነካ ድምፁን የሚቀዳው የቴፑ ሄድ ቆሽሿል፤ ክሩም ከባሮ በሚነሳው እርጥበት ነጭ ሻጋታ ይዟል።

«ሽማግሌው ደህና ነው» አለኝ። «ቴፕሽ ነው የታመመው።»

ያን ሰሞን ከሥራ ስወጣ ቀጥታ እሱ ዘንድ ነበር የምሄደው። መብራት የሚመጣው ማታ ብቻ ነው፤ ማታ ደግሞ ጄኔሬተሩ ስለሚያንገራግር ድምፁ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ባትሪ ፈልጎ፣ ለቴፑ የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲሰጥ አድርጎ ገመድ ቀጠለልኝ። ባትሪውን በየሳምንቱ ወፍጮ ቤት ወስጄ አስሞላለሁ። ሄዱን በአልኮልና በጥጥ መጥረግ አስተማረኝ፤ አልኮሉ ከአባቴ የድሮ የመድኃኒት ሣጥን አልጠፋም። ካሴቶቹን በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ፣ ደረቅ ሩዝ በተሞላ ከረጢት ላይ አድርጌ መክደን ጀመርኩ። የምንቀዳበትን ክፍል ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። በጋምቤላ ሙቀት ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጡ ማለት ለአባቴ ቅጣት ነበር፤ ላባቸው በአገጫቸው እየወረደ ተቀመጡልኝ።

ጠጋኙ አንድ ሌላ ነገርም አሳየኝ። ከካሴቱ ጀርባ ሁለት ትናንሽ ጥርሶች አሉ። እነሱ ከተሰበሩ ማንም በስህተት በላዩ ላይ ሊቀዳበት አይችልም፤ ቁልፉ አልጫን ይላል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ካሴት ሳልልክ በፊት እሱ ዘንድ እወስደዋለሁ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ መጀመሪያውን፣ መሀሉንና መጨረሻውን ትንሽ ትንሽ ይሰማል፤ ድምፁ ጥሩ ከሆነ ጥርሶቹን ይሰብራል፤ እኔም የካሴቱን ቤት ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌ እልከዋለሁ።

የመጀመሪያው ጥርት ያለ ካሴት ሲደርሰው ወንድሜ «አባባ ሳሎኔ ውስጥ የተቀመጡ ነው የመሰለኝ። እጅሽ ይባረክ፤ እንዲህ እያደረግሽ ላኪልኝ» ብሎ ጻፈ። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ግን ደስታው አልቆየም፤ ምክንያቱም ድምፁ ሲጠራ አባቴ ማውራት አበዙ፣ እኔ ደግሞ ቁልፉ አጠገብ ተቀምጬ መስማት ጀመርኩ።

በእኔና በአባቴ መካከል ያለው ንግግር «እንጀራው ቀርቧል»፣ «መድኃኒትዎን ዋጡ»፣ «በሩን ዝጊው» ነው። ለማሽኑ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ከጎጃም በበቅሎ ስለመጡበት መንገድ፣ ባሮ ላይ ከሱዳን ይመጣ ስለነበረው መርከብ፣ ቡናው ወደቡ ላይ እንዴት ይከመር እንደነበር፣ እናታችንን የት እንዳዩዋት፣ ሁሉንም ተናገሩ። እኔ አብሬያቸው እየኖርኩ አንዱንም አልሰማሁም ነበር። ወንድሜን በየካሴቱ ይመርቁታል፤ ሥራውን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ይመርቃሉ። ስለ እኔ የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «እህትህም ደህና ናት።» እኔም ያንን እየሰማሁ፣ የድምፁን ልክ የምታሳየው የቴፑ መርፌ ቀዩን እንዳትነካ ድምፁን ዝቅ ከፍ አደርጋለሁ። ለሰው ድግስ ወጥ የምትሠራና እሷ ራሷ ሳይቀርብላት የምትሄድ ሴት መስዬ ለራሴ ታየሁ።

እዚህ ላይ ስለ እናታችን መናገር አለብኝ። የሞተችው በወሊድ ነው፤ እኔ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ምጡ ሲከፋባት ጎረቤቶች ክሊኒክ ሄደሽ አባትሽን ጥሪ ብለው ላኩኝ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሰዎች ወንዙ ላይ አንድ ትልቅ ጀልባ በገመድ ሲጎትቱ ቆሜ አይቻለሁ፤ ክሊኒኩ በር ላይም ረጅም ሰልፍ ነበር። የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። አባቴ ቤት ሲደርሱ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ዓመታት አልፈው፣ ወንድሜ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው፣ በማይረባ ነገር ተጣላንና «አንቺ ጀልባ ስታዪ አይደል እናታችን የሞተችው» አለኝ። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰምተዋል። ራዲዮአቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ እንጂ ምንም አላሉም። እኔም ካለኝ ትዝታ ጋር ስላልተጋጨብኝ እውነት ነው ብዬ ተቀበልኩት፤ ማንንም ሳልጠይቅ ተሸክሜው ኖርኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ «ዛሬ ብቻዬን ልናገር። ቁልፉን ተጫኚልኝና ወጣ በዪ» አሉኝ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ቀዩን ቁልፍ ተጭኜ፣ በሩን ዘግቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ሰዓቴን እያየሁ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ ገጽ ሲያልቅ ተመልሼ ካሴቱን ገለበጥኩና ደግሜ ወጣሁ። ሁለተኛ ስመለስ አባቴ ፊታቸውን ታጥበው ነበር፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ በውሃ ርሷል። «ይህን ቶሎ ላኪልኝ» ብቻ ነው ያሉት።

አልሰማሁትም። መስማት እችል ነበር፤ ቴፑም ካሴቱም በእጄ ነው። ግን ወጣ በዪ ያሉኝን ነገር ተደብቄ መስማት ነውር መሰለኝ። እንደ ልማዴ ወደ ጠጋኙ ወሰድኩት። ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ሰማው። ሲጨርስ ጥርሶቹን ራሱ ሰበረና «ጥርት ያለ ነው» አለኝ፤ ሲናገር ግን አላየኝም። ፀሐይ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ከወራት በኋላ ከወንድሜ አንድ ካሴት መጣ። እስከዚያ ድረስ በደብዳቤ እንጂ በድምፅ ልኮልን አያውቅም። እሑድ ከምሳ በኋላ ከአባቴ ጋር ተቀምጠን ከፈትነው። ወንድሜ ስለ ሥራው፣ ስለ ቤቱ ጣሪያ፣ ስለ መኪናው አወራ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ዘመሩ። አባቴ ቃሉ ባይገባቸውም በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ያጅቡ ነበር። ካሴቱን ገለበጥኩት። ወንድሜ ትንሽ አወራና «በሉ ደህና ሁኑ» አለ፤ ከዚያ ቋ የሚል ድምፅ መጣ። ላጠፋው እጄን ስሰነዝር ከቴፑ ውስጥ አባቴ ራሳቸው መናገር ጀመሩ።

«…ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷን አትውቀስ። ይኸው ተናገርኩት፣ ቀለለኝ። እግዚአብሔር ይጠብቅህ።»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ካሴቱን አውጥቼ አገላበጥኩት፤ ያን ቅዳሜ ብቻቸውን የተናገሩበት ነው። የጠጋኙ እጅ የሰበራቸው የሁለቱ ጥርሶች ቀዳዳ በነጭ ፕላስተር ተደፍኗል፤ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ፣ ንጹሕ ሥራ ነው። በስህተት አይደለም ማለት ነው። ቁልፉ አልጫን ሲለው ለምን እንደሆነ አይቶ፣ ተነስቶ ፕላስተርና መቀስ አምጥቶ፣ ደፍኖ፣ በአባታችን ላይ ስለ መኪናው አወራ።

አባቴ ፊታቸው አመድ ሆነ። «ባዶ ካሴት አጥቶ ይሆናል» አሉ።

«ካናዳ ካሴት ይጠፋል?»

«ተይው በቃ።»

አልተውኩትም። ሰኞ ከቢሮ ፈቃድ ሳልጠይቅ ወጥቼ ቴሌ ሄድኩ፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መስመር አገኘሁ። ሰላምታ አልሰጠሁትም። ከመቅዳትህ በፊት ሰምተኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ልጆቹ ለአያታችን እንዘምር ብለው ይዘውት እንደነበር፣ ባዶ ካሴት ቤት ውስጥ እንዳልነበረ ይነግረኝ ጀመር።

«ሰምተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ጀምሬው ነበር» አለ። «ስለ ድሮ ነው፤ ስለ እማማ። ቀጥዬ እሰማዋለሁ ብዬ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለብኝ።»

«ቀዳዳውን በእጅህ ደፍነህ ተቀላቀለብኝ ትላለህ?»

ቴሌው ውስጥ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወንድሜ የሆነ ነገር አለ፤ መስመሩ ዋጠው። እኔም ሳልጠብቅ ስልኩን ዘጋሁት። ከእስሩ፣ ከስንቁ፣ ሳይሰናበት ከመሄዱ፣ ከሳቁ ደብዳቤ ጀምሮ የዋጥኩት ሁሉ አንድ ላይ ወጣብኝ።

አባቴን ደግመው እንዲናገሩት ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ «እሺ ለእሱ አይናገሩ፤ ለእኔ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ መለሱት።

«አንቺን እያየሁ አልችልም» አሉኝ። «ብችል ኖሮ መች ለማሽን እናገር ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ቴፑ አጠገብ አልተቀመጡም። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ ዋናው እዚህ ይቀራል፣ ወደ ካናዳ የሚሄደው ቅጂው ብቻ ነው ብዬ አሳየኋቸው። ቀድሞ ማሰብ የነበረብኝ ይህንን ነበር፤ ዋናውን በሰው እጅ መስጠቴ ዛሬም ይቆጨኛል። አባቴ ግን አዲሱን ቴፕ በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው «ጥሩ ዕቃ ነው» አሉ፤ ለማውራት አልተቀመጡም። በቀጣዩ ዓመት ስንቱን ከወባ ያዳኑ ሰው ወባ ጥሏቸው በአምስት ቀን አረፉ።

ወንድሜ ለሙት ዓመታቸው መጣ። ጉንጩ ሞልቷል፤ በሙቀቱ ፊቱ ቀልቶ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ሌላ ሰው መሰለኝ። ካሴቶቹን ሁሉ ይዘህ ካልመጣህ ቤቴ አትገባም ብዬ ጽፌለት ስለነበር በቦርሳ ይዟቸው ነበር። ዝክሩ ካለፈ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። የድሮዎቹ፣ ጫጩት የሚመስሉት፣ ሁሉም ተከፍተዋል። ጥርት ብለው ከተቀዱት ውስጥ ሁለቱ የልጆች ተረት ተቀድቶባቸዋል። የአብዛኞቹ ደግሞ እኔ ያሸግኩበት ፕላስተር እንኳ አልተነካም።

አንዱን አንስቼ ፊቱ ያዝኩት። «ይህን ሁሉ ዘመን ጥርት አድርጊ ስትለኝ ኖርክ።»

እያየሁት ማልቀስ ጀመረ። ሲናገር ድምፁ የአባቴን ይመስል ነበር፤ ይህም አናደደኝ።

«ጫጩት ሲመስሉ ስቀን እናልፈው ነበር» አለ። «ጥርት ሲል ግን ቤት ውስጥ የገቡ ይመስለኛል። አንዱን ሰምቼ ሦስት ቀን ሥራ መሄድ አቃተኝ። ከዚያ መክፈት ፈራሁ።»

እውነቱን እንደሆነ አወቅሁ። እውነት መሆኑ ግን ንዴቴን አላበረደውም። እኔም እኮ በዚያ ድምፅ አጠገብ ተቀምጬ፣ መርፌዋን እየጠበቅሁ፣ በማግስቱ ሥራ እገባ ነበር።

በነጋታው ያን ካሴት ይዤ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። በላዩ ከተቀዳው ሥር ያለውን ድምፅ የሚያወጣ ዘዴ ይኖር እንደሆን ጠየቅሁት። የተቀዳበት አይመለስም አለኝ። መፍቻውን አስቀምጦ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ያን ጊዜ ሰምቼዋለሁ» አለ። «ስፈትሸው። አባትሽ ራሱ ይነግርሻል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ሲሞት ደግሞ የሰው ምስጢር ነው ብዬ ያዝኩት።»

«ምን አሉ?»

መሬት መሬት እያየ፣ ቃሉ እንዳይጠፋበት ቀስ እያለ ነገረኝ። «መሀሉ ላይ እንዲህ አለ። ‹ልጅቷ መጥታ ጠርታኛለች። ሁለት ጊዜ መጥታለች። ሂጂ፣ መጣሁ አልኳት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ጨርሼ እሄዳለሁ ብዬ ቀረሁ። አንተ በጀልባው ስትሰድባት ሰምቼ ዝም አልኩ። እሷ ምንም ጥፋት የለባትም።› ይህንን ነው የሰማሁት። ሌላውን አልሰማሁም።»

አመሰገንኩት ወይስ አላመሰገንኩት አላስታውስም። ገበያውን አቋርጬ ስሄድ የሚያልፈኝ ሰው ሰላም ይለኛል፣ አልመልስም። በወንድሜ ብቻ አልነበረም የተቃጠልኩት። ሞተው ዓመት በሆናቸው በአባቴ ላይ ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ማዕድ ላይ፣ ሁለት አሥርት ዓመት ያህል አብረን ኖረን፣ ለእኔ የሚገባኝን ቃል በፖስታ ካናዳ ላኩት። በሰላሳ ሁለት ደረጃ ሙቀትም ይሁን በአርባ፣ ብርድ ልብስ የሰቀልኩላቸው እኔ ነኝ። ዞር ብለው «አንቺ ጠርተሽኛል» ቢሉኝ ምን ይጎድልባቸው ነበር? መቃብራቸው ላይ ሄጄ ይህንኑ ጮክ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እዚያ ሣር የሚያጭዱ ሴቶች አበደች ብለው ይሆናል።

ለወንድሜ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ነገርኩት። ዕቃውን እየሸከፈ ነበር። ጠጋኙ የነገረኝን ቃል በቃል አልኩለት። ልብስ ማጣጠፉን አቆመ።

«ልጆች ነበርን» አለ። «ያን ማለቴንም አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ» አልኩት።

ይቅርታ አድርጊልኝ አለኝ፤ አለኝ ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም። ካሴቶቹን መልሶ ሊወስዳቸው ሲል ግን እጁን ከላያቸው አነሳሁት። ዋናዎቹ እዚህ ይቀራሉ፤ የምትሰማቸው ከሆነ ቅጂ እልክልሃለሁ፣ ያውም አንድ በአንድ ነው አልኩት። የሚቀጥለውን የምልከው ያለፈው ካሴት ላይ አባታችን ምን እንዳሉ ዘርዝረህ ስትጽፍልኝ ነው። ከተማሪ ቆጠርሽኝ ብሎ ተቆጣ። አዎ አልኩት።

እንደዚያው አደረግሁ። የመጀመሪያውን ቅጂ እጅግ አሳምሬ ሠራሁት፤ ሄዱን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ፣ ባትሪውን ሙሉ አስሞላሁ። የሰው መተንፈስ ሳይቀር ይሰማል። ለአምስት ወር መልስ አልመጣም። እኔም ሁለተኛውን አልላክሁም። በስድስተኛው ወር አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ መጣ፤ አባቴ ስለ በቅሎዋ፣ ስለ ጎጃሙ መንገድ የተናገሩትን ጽፏል። ሁለተኛውን ላክሁለት። የሚቀጥለው ደብዳቤ ሦስት ገጽ ነበር፤ አንዳንዱ ቦታ ቀለሙ በውሃ ተበላሽቷል፤ ምን ውሃ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሰዎች ታረቃችሁ ወይ ይሉኛል። ደብዳቤ እንጻጻፋለን እላቸዋለሁ።

ባለፈው የላከው ደብዳቤ ላይ አባታችን እናታችንን መጀመሪያ ያዩዋት ገበያ ላይ ነው ብሎ ጽፎልኛል። ገበያ ላይ አይደለም። ወደቡ ላይ፣ መርከብ ሲራገፍ ቆማ ስታይ ነው ያገኟት፤ ያንን የሚሉት በካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው። «ሁለተኛውን ገጽ አልገለበጥከውም» ብዬ መልሼ ጻፍኩለት። የሚቀጥለው ካሴት ጣሳው ውስጥ ነው።